የቋንቋ መምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፤ ከጉለሌው ማሠልጠኛ እስከ 60 ሰዓቱ መርሐ ግብር

በአዲስ አበባ ከተማ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት መንደሮች የሚኖሩ በርካታ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋማ አካባቢዎች የመጡ ወይም የእነርሱ ልጆችና የልጅ ልጆች መሆናቸው ይታወቃል። ከእነዚህ ቤተሰቦች የሚወለድ ሕፃን በቤቱ ጋሞኛ እየሰማ ያድጋል፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር በአማርኛ ይጫወታል፤ ትምህርት ቤት ሲገባም እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት መማር ይጀምራል። በዚያው ክፍል ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው የሆነ ሕፃንም ይገኛል።

እነዚህን ሕፃናት በአንድ ክፍል ተቀብሎ ማንበብና መጻፍ፣ መናገርና ማዳመጥ የማስተማር ኃላፊነት የወደቀው በቋንቋ መምህሩ ላይ ነው። የሒሳቡም ሆነ የሳይንሱ መምህር ሥራ የሚቃናው የቋንቋ መምህሩ ሥራ ሲቃና ነው። በመሆኑም የቋንቋ መምህራንን ሙያ በተከታታይ ማሻሻል ለመላው የትምህርት ሥርዓት መሠረት መሆኑ ይታመናል። ይህ ጽሑፍ የቋንቋ መምህራን የሙያ ማሻሻያ በአገራችን ያለፈበትን መንገድ፣ በአሁኑ ወቅት ያሉትን ዕድሎችና ከሥራ ኃላፊዎች የሚጠበቀውን ተግባር ይመለከታል።

መነሻው

የዘመናዊ ትምህርት አጀማመር በራሱ ከቋንቋ ትምህርት ጋር የተቆራኘ ነበር። በ1900 ዓ.ም. የተቋቋመው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ የኮፕት መምህራን ሥራውን ሲጀምር ከትምህርቱ ሰፊውን ቦታ የያዙት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛን የመሳሰሉ ቋንቋዎች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. በሰሜን አዲስ አበባ የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም በውጭ ቋንቋዎች የሚያስተምር ሲሆን፣ የትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ በአሁኑ ወቅት የእንጦጦ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ይገኝበታል።

በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በአብዛኛው የውጭ አገር ዜጎች ስለነበሩ የአገር ውስጥ መምህራንን ማሠልጠን የጊዜው አንገብጋቢ ጉዳይ ሆነ። በዚሁ መሠረት ከነፃነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ሥራ ጀመረ። ማሠልጠኛው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ጉለሌ ተዛውሮ ራሱን የቻለ ተቋም ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ ወደ ሐረር ተሸጋገረ። በዚህ ረገድ ጉለሌ በአገሪቱ የመምህርነት ሙያ ታሪክ ውስጥ የማይዘነጋ ስፍራ አለው።

በመቀጠልም እ.ኤ.አ. ከ1963/64 የትምህርት ዘመን ጀምሮ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ተደረገ። እንግሊዝኛ ከአንደኛ ደረጃ በኋላ ባሉት ክፍሎች ማስተማሪያ ሆኖ ቀጠለ። ይህ ሽግግር ለተማሪውም ሆነ ለመምህሩ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1986 በጆን ስቶዳርት የተካሄደው ጥናት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የነበረው የእንግሊዝኛ ችሎታ ሌሎች የትምህርት ዓይነቶችን ለመማር ከሚያስፈልገው በእጅጉ ያነሰ መሆኑን አመልክቷል። ማስተማሪያ የተባለው ቋንቋ ለትምህርቱ እንቅፋት ወደ መሆን እየተቃረበ መምጣቱ በዚያን ጊዜ ግልጽ ሆኖ ነበር።

የ1986ቱ ፖሊሲ ያስከተለው ለውጥ

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔር ብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ፣ አማርኛ የአገር አቀፍ መግባቢያ በመሆኑ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ቆይቷል።

ፖሊሲው በቋንቋ መምህራን ላይ ሁለት ታላላቅ ኃላፊነቶችን በአንድ ጊዜ አምጥቷል። በአንድ በኩል ቀድሞ የትምህርት ቋንቋ ያልነበሩ ቋንቋዎች ወደ ክፍል በመግባታቸው በእነዚህ ቋንቋዎች ማስተማር የሚችሉ መምህራን በአጭር ጊዜ ውስጥ ማዘጋጀት አስፈለገ። በሌላ በኩል በአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ሳይክል የሚያስተምሩ፣ ራሳቸው እንግሊዝኛን የመናገር ዕድል ያላገኙ በርካታ መምህራን ቋንቋውን ለ7 ዓመት ሕፃናት እንዲያስተምሩ ተመደቡ። ትምህርቱን ያልታነጸበት መምህር ሌላውን ለማነጽ የሚቸገር በመሆኑ የሥራ ላይ ሥልጠና ጉዳይ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የመንግሥት ዋነኛ የትኩረት አቅጣጫ ሆነ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ቴሌቪዥን፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» በሚባለው፣ ትምህርት መሰጠት ሲጀመር የቋንቋ ጉዳይ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። ሥርጭቱ በእንግሊዝኛ የሚተላለፍና ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስድ ስለነበር መምህሩ ለማብራራትና ተማሪው ለመጠየቅ የሚያገኙት ጊዜ ጠባብ ነበር። ቴክኖሎጂው መልካም የእንግሊዝኛ አነጋገርን ወደ ክፍል ቢያስገባም የመምህሩን ቦታ ሊተካ እንደማይችል ከሂደቱ ትምህርት ተወስዷል።

የ200 ሰዓቱ የእንግሊዝኛ ሥልጠና

የመምህራን ትምህርት ሥርዓትን ለማስተካከል እ.ኤ.አ. በ2003 በትምህርት ሚኒስቴር ይፋ የሆነው የማሻሻያ መርሐ ግብር ካካተታቸው ሥራዎች አንዱ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙ በድምሩ 200 ሰዓት የሚወስድ ሲሆን፣ 120 ሰዓቱ ገጽ ለገጽ፣ 80 ሰዓቱ በርቀት የሚሰጥ ነበር። የአሠራሩ ስልት በደረጃ የሚወርድ ነው። በቅድሚያ ቁልፍ አሠልጣኞች ይሠለጥናሉ፤ እነርሱም በየክልሉ ሌሎች አሠልጣኞችንና መምህራንን ያሠለጥናሉ። በዚሁ ጊዜ ለመምህራን አሠልጣኞች የአንድ ዓመት የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች ተጀምሯል።

ፕሮግራሙ በመላ አገሪቱ በርካታ መምህራንን በአጭር ጊዜ መድረስ መቻሉ ጠንካራ ጎኑ ነበር። ይሁን እንጂ በደረጃ የሚወርድ ሥልጠና አንድ የታወቀ ድክመት አለው። ከላይኛው እርከን የተሰጠው ዕውቀት በየደረጃው እየሳሳ ይሄዳል፤ ክፍል ውስጥ ያለው መምህር ጋ ሲደርስ ከልምምዱ ይልቅ ማስታወሻው ብቻ የሚተርፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ቋንቋ ደግሞ በማስታወሻ ሳይሆን በመናገር የሚለመድ ነው።

በትምህርት ሚኒስቴር ጠያቂነት በካትሊን ሂዩና በባልደረቦቻቸው የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2007 የተጠናቀቀው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ አንሥቷል። ጥናቱ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ተማሪዎች በሒሳብና በሳይንስ ፈተናዎች የተሻለ ውጤት ማስመዝገባቸውን አሳይቷል። ለእንግሊዝኛ ሥልጠና የዋለው ገንዘብ ከመምህራን ልማት በጀት ከፍተኛውን ድርሻ በመውሰዱ በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ለሚያስተምሩ መምህራን የተተወው እጅግ አነስተኛ መሆኑንም አመልክቷል። ይህ ግኝት በጀት ለሚመድቡ የሥራ ኃላፊዎች ዛሬም ጠቃሚ ነው። የእንግሊዝኛ መምህሩን ማብቃት አስፈላጊ ቢሆንም፣ ሕፃኑ ማንበብን በመጀመሪያ የሚለምድበትን ቋንቋ የሚያስተምረው መምህር ከተዘነጋ የሁለቱም ድካም ፍሬ አልባ ይሆናል።

የ60 ሰዓቱ መርሐ ግብር አሠራር

ከላይ ከተገኘው ልምድ በመነሣት የሙያ ማሻሻያው ማዕከል ከሥልጠና አዳራሽ ወደ ትምህርት ቤት እንዲሸጋገር ተደርጓል። በትምህርት ሚኒስቴር የተዘጋጀው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ በአጭሩ «ተሙማ»፣ ማዕቀፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ተሻሽሎ ሲወጣ እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ሙያውን በሚያሻሽል ተግባር ላይ እንዲሳተፍ ይደነግጋል። አዲስ የተቀጠረ መምህር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በአንድ ልምድ ባለው መምህር አማካሪነት የሙያ ትውውቅ መርሐ ግብር ይከታተላል። መርሐ ግብሩ በ2001 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል በጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ ውስጥ ካሉት ክፍሎች አንዱ በሆነው የመምህራን ልማት ፕሮግራም የተደገፈ ነበር።

60 ሰዓት ሲባል ብዙ ይመስላል። በ40 ሳምንት ሲከፈል ግን በሳምንት ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። አሠራሩ 4 ደረጃዎች አሉት፤ እነርሱም ፍላጎትን መለየት፣ ማቀድ፣ መተግበርና መገምገም ናቸው። ትምህርት ቤቱ የጋራ ዕቅድ ያወጣል፤ መምህሩም ከዚህ ተነሥቶ የግል ዕቅዱን ያዘጋጃል፤ የሠራውን በማኅደረ ተግባሩ ያሰፍራል።

ለቋንቋ መምህራን ተስማሚ ሆነው የተገኙት ተግባራት በዋናነት የሚከተሉት ናቸው፦

1ኛ/ የእርስ በርስ ክፍል ጉብኝት፦ አንድ መምህር ሲያስተምር ባልደረባው ተቀምጦ ይመለከታል። ለምሳሌ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ መምህሩ ለስንት ደቂቃ ተናገረ፣ ተማሪዎች ለስንት ደቂቃ ተናገሩ የሚለውን መዝግቦ ከክፍለ ጊዜው በኋላ ይወያዩበታል። ይህ ከሰዓትና ከወረቀት በስተቀር ምንም ወጪ አይጠይቅም።

2ኛ/ የጋራ ትምህርት ዝግጅት፦ የአንድ ክፍል ደረጃ የቋንቋ መምህራን ተሰብስበው ተማሪዎች የከበዳቸውን ምዕራፍ በጋራ አዘጋጅተው በየተራ ያስተምሩታል፤ ውጤቱንም ያነጻጽራሉ።

3ኛ/ የተግባር ምርምር፦ መምህሩ በራሱ ክፍል ያስተዋለውን አንድ ችግር፣ ለምሳሌ 4ኛ ክፍል ደርሰው ማንበብ ያልቻሉ ልጆችን ጉዳይ፣ መርጦ መፍትሔ ይሞክራል፤ ያገኘውን ለባልደረቦቹ ያካፍላል።

4ኛ/ የመናገር ልምምድ፦ የእንግሊዝኛ መምህራን በሳምንት የተወሰነ ጊዜ መድበው በመካከላቸው በእንግሊዝኛ ብቻ የሚነጋገሩበት መድረክ ነው። ሰዎች ፊት የመሳሳት ፍርሃት የሚለቀው በዚህ ዓይነቱ ልምምድ ነው።

5ኛ/ የጉድኝት ማዕከል ስብሰባ፦ በአንድ ትምህርት ቤት 2 ወይም 3 የቋንቋ መምህራን ብቻ ሲኖሩ፣ በአንድ ጉድኝት ማዕከል ሥር የታቀፉ ትምህርት ቤቶች መምህራን በትምህርት ዓይነታቸው ይገናኛሉ።

በአፈጻጸም ረገድ የሚታየው ዋነኛ ችግር መርሐ ግብሩ ወደ ወረቀት ሥራ የመለወጥ ዝንባሌው ነው። ማኅደረ ተግባሩ ለሱፐርቫይዘር ምርመራ ተብሎ ከተሞላ፣ 60 ሰዓቱም በፊርማ ብቻ ከተረጋገጠ ዓላማውን ይስታል። ሌላው ችግር የሁሉም የትምህርት ዓይነት መምህራን በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው በአንድ ርዕስ ላይ መወያየታቸው ነው። የቋንቋ መምህሩ ከሒሳብ መምህሩ ጋር የሚጋራው ጉዳይ ቢኖርም፣ ንባብን፣ የድምፅና የፊደል ግንኙነትን ወይም የሁለተኛ ቋንቋ ማስተማር ዘዴን የሚመለከተው ሥልጠና ለብቻው መሰጠት ይኖርበታል።

ከትምህርት ቤት ውጪ ያሉ ዕድሎች

መምህሩ በትምህርት ቤቱ ከሚያገኘው ድጋፍ ባሻገር የትምህርት ደረጃውን የሚያሻሽልባቸው መንገዶች አሉ። በክረምት፣ በርቀትና በማታ የሚሰጡ መርሐ ግብሮች በርካታ መምህራን ከሰርተፍኬት ወደ ዲፕሎማ፣ ከዲፕሎማም ወደ ዲግሪ እንዲሸጋገሩ አስችለዋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮም በአንድ የትምህርት ዓይነት በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቁ ሰዎች የድኅረ ምረቃ የማስተማር ሙያ ዲፕሎማ ተከታትለው የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሚሆኑበት ሥርዓት ተዘርግቷል።

ለጉለሌ መምህራን በቅርበት የሚገኘው ከፍተኛ ተቋም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ነው። ዩኒቨርሲቲው እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር ዘዴ በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ያሠለጥናል። የአማርኛና የሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍና ሥነ ልሳን ትምህርትም ይሰጣል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የአማርኛ አካዳሚ የሆነው የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ባህሎች አካዳሚም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። በመምህራን ሥልጠና የረጅም ዘመን ልምድ ያለው ሌላው ተቋም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በስድስት ኪሎ ተጀምሮ በኋላ ወደ ኮተቤ የተዛወረው፣ የዛሬው የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር መምህራንንና የትምህርት ቤት አመራሮችን በዩኒቨርሲቲዎች ሰብስቦ በትምህርት ይዘትና በማስተማር ዘዴ አሠልጥኗል።

አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ በመሆኗ የውጭ ቋንቋዎችን ለሚያስተምሩ መምህራን የተለየ ዕድል አላት። ፈረንሳይኛ በአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ ጀርመንኛ እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ በጀመረው በጎተ ኢንስቲትዩት፣ ጣልያንኛ በጣልያን የባህል ተቋም፣ ቻይንኛ በኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት ይሰጣሉ። ብሪቲሽ ካውንስልም ለእንግሊዝኛ መምህራን የሚሆኑ የማስተማሪያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት ያቀርባል። የአፍሪካ ኅብረት ኪስዋሂሊን በ2014 ዓ.ም. የሥራ ቋንቋ ማድረጉም ለወደፊቱ ሌላ መስክ የሚከፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዩኔስኮ የአፍሪካ አቅም ግንባታ ዓለም አቀፍ ተቋም በመምህራን ልማት ላይ የሚሠራ መሆኑም ሊታወስ ይገባል።

የአገር ውስጥ ቋንቋዎች መምህራን

በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ከአማርኛ በተጨማሪ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ አቅጣጫ ሰጥቷል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የትምህርት እርከኑን 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ ደረጃና 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አድርጎ ከማዋቀሩም በላይ ተማሪዎች ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሌላ ተጨማሪ የኢትዮጵያ ቋንቋ እንዲማሩ ያበረታታል። በአዲስ አበባም ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል።

ይህ አቅጣጫ በተግባር ሲተረጎም አዲስ ዓይነት ሙያ ይጠይቃል። አማርኛን አፉን ለፈታበት ልጅ ማስተማርና አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ልጅ ማስተማር የተለያዩ ናቸው፤ በአፋን ኦሮሞም ረገድ እንዲሁ ነው። ቋንቋውን መናገር የሚችል ሁሉ ቋንቋውን ማስተማር ይችላል የሚለው አስተሳሰብ በሙያው ዘንድ ተቀባይነት የለውም። በሽሮ ሜዳ አካባቢ ጋሞኛ እየተናገረ ወደ 1ኛ ክፍል የሚገባው ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝም ቢል ከስንፍና ሊቆጠርበት አይገባም። ዝምታው አዲሱን ቋንቋ የማድመጫ ጊዜው መሆኑን የሚረዳ፣ በሥዕል፣ በእንቅስቃሴና በድግግሞሽ ቃላትን የሚያስለምድ፣ ልጁ የቤቱን ቋንቋ በመናገሩ እንዳያፍር የሚያደርግ መምህር ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ በሥልጠና የሚገኝ ችሎታ ነው።

ውጤቱና ከኃላፊዎች የሚጠበቀው

የጉዳዩን ክብደት ከሚያሳዩ አኃዞች መካከል በእንግሊዝኛ የሚሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይገኝበታል። ከተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። የውጤቱ ምክንያት ቋንቋ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ጥያቄውን አንብቦ በሚገባ ያልተረዳ ተማሪ የሚያውቀውንም መልስ ሊሰጥ እንደማይችል ግልጽ ነው።

ዩኔስኮና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1966 ያጸደቁት የመምህራንን ሁኔታ የሚመለከተው የውሳኔ ሐሳብ የሥራ ላይ ትምህርት ለሁሉም መምህራን ያለክፍያ እንዲቀርብና ከመምህራን ማኅበራት ጋር በመመካከር እንዲዘጋጅ ያሳስባል። ይህንን መርህ በክፍለ ከተማና በወረዳ ደረጃ ለመፈጸም ከፍተኛ በጀት የማይጠይቁ በርካታ እርምጃዎች አሉ።

በመጀመሪያ ደረጃ የ60 ሰዓቱ ጊዜ በትምህርት ቤቱ የሥራ ሰሌዳ ላይ በቋሚነት ሊያዝ ይገባል። ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ መምህሩ ደክሞ ወደ ቤቱ ለመሄድ በሚጣደፍበት ጊዜ የሚደረግ ስብሰባ የሙያ ማሻሻያ ተብሎ ሊቆጠር አይችልም። በሁለተኛ ደረጃ የቋንቋ መምህራን በትምህርት ዓይነታቸው የሚገናኙበት የጉድኝት መርሐ ግብር በየሩብ ዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ቢዘጋጅ መልካም ነው። በሦስተኛ ደረጃ ሱፐርቫይዘሮች ማኅደረ ተግባሩን ከማየታቸው በፊት ክፍሉን ማየት ይኖርባቸዋል። በአራተኛ ደረጃ ወደ ሥልጠና የተላከ መምህር ሲመለስ ያገኘውን ለባልደረቦቹ የሚያካፍልበት ጊዜ ሊመቻችለት፣ ለሥልጠና የሚላኩትም ተመላልሰው አንድ ሰዎች ብቻ እንዳይሆኑ ምልመላው በግልጽ መስፈርት ሊካሄድ ይገባል።

ከዚህም ጋር የሙያ ማሻሻያው ከደረጃ ዕድገት ጋር ያለው ግንኙነት በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል። ከጀማሪ መምህርነት ተነሥቶ በመለስተኛ መምህር፣ በመምህርና በከፍተኛ መምህር በኩል ወደ መሪ መምህርነት የሚያደርሰው መሰላል መምህሩን የሚያተጋው በክፍል ውስጥ የሚታየው ሥራ ሲመዘን እንጂ የወረቀት ብዛት ሲቆጠር አይደለም።

ከሰማንያ ዓመታት በፊት የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ ወደ ጉለሌ ሲዛወር ጥያቄው አገሪቱ በራሷ መምህራን ልጆቿን ማስተማር ትችላለች ወይ የሚል ነበር። ለዚህ ጥያቄ በየትምህርት ቤቱ የተሰማሩት የአገሪቱ መምህራን መልስ ሰጥተዋል። አሁን የቀረው ጥያቄ እነዚህ መምህራን ከተቀጠሩበት ቀን ጀምሮ ጡረታ እስከሚወጡበት ቀን ድረስ መማራቸውን እንዲቀጥሉ የሚያስችል ጊዜና ድጋፍ ማግኘታቸውን ማረጋገጥ ሲሆን፣ መልሱ የሚገኘው በየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና በየርዕሰ መምህሩ ሳምንታዊ የሥራ ሰሌዳ ላይ ነው።